በደቡብ ስፔን አልፑኻራ በብስክሌት፦ በላይኛው መንገድ ወይስ በታችኛው?

የኮሎኟ (ጥያቄ)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው። አፕሪል አጋማሽ ላይ የአንድ ሳምንት ፈቃድ አለን። ደቡብ ስፔን ሄደን ብስክሌት ልንነዳ አስበናል። ሐሳባችን ከግራናዳ ተነስተን፣ ከሲየራ ኔቫዳ ተራሮች በስተደቡብ ያለውን የአልፑኻራ ሸለቆ ይዘን፣ አልሜሪያ ላይ ባሕሩ ጋ መድረስ ነው።

ካርታው ላይ ሁለት መንገድ አየን። ኤ-348 የሚባለው በታች በኩል በጓዳልፌኦ ወንዝ አቅጣጫ ይሄዳል። ሌላው ኤ-4132 ነው፤ ከኦርኺቫ ወደ ላይ ወጥቶ ትሬቬሌዝ ይደርሳል። ከዚያ በኤ-4130 ይቀጥላል። ባለቤቴ «የላይኛው ነው» ብሎ ቆርጧል። እኔ ዳገቱ ያስፈራኛል። የለመድነው የራይን ወንዝን ዳር ዳር መንዳት ነው፤ እሱ ደግሞ ሜዳ ነው። በዚያ ላይ የጎን ቦርሳ ጭነን ነው የምንሄደው።

የእኔ ሳይክል ከፊት ትንሹ ማርሽ 30 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 28 ጥርስ ነው። ይበቃል? ሌላው፣ ጊዜው ሁዳዴ ነው። የእነሱ ፋሲካ ያለፈ ቢሆንም እኛ ገና ጾም ላይ ነን። በዚያ ገጠር ምን እንበላለን? ማደሪያውስ? ከአልሜሪያ ሳይክል ይዞ መመለሻውስ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩን።

ዳገት ወዳድ

እህቴ፣ እኔ ከባለቤትሽ ጎን ነኝ። የላይኛውን ያዙ። ምክንያቴ የአገሩ ውበት ብቻ አይደለም።

የታችኛው መንገድ ካርታ ላይ ወንዝ ወንዙን የሚሄድ ስለሚመስል ሰው ሜዳ ነው ብሎ ያስባል። አይደለም። ኦርኺቫ 450 ሜትር ላይ ነው። በቶርቪስኮን በኩል ካዲያር ስትደርሱ 900 ሜትር አልፋችኋል። መሀል ላይም መውጣት መውረዱ አያልቅም። መንደር ጥቂት ነው፤ የውሃ መቅጃውም እንደዚያው። ፀሐይ ከበረታች መጠለያ ጥላ አታገኙም። ዳገት ሸሽታችሁ ዳገት ላይ ትወድቃላችሁ።

የላይኛው ከኦርኺቫ እስከ ፓምፓኔይራ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 600 ሜትር ከፍታ ትወጣላችሁ። ሲካፈል በየ100 ሜትሩ ከአራት ሜትር ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ረጅም ነው እንጂ የሚያስፈራ አይደለም። መንገዱ ተራራውን እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። አንዴ ትንፋሽሽ ከተስተካከለ በዚያው ትቀጥያለሽ። ከፍታውም አያስጨንቅሽ። ትሬቬሌዝ 1,476 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ በብዙ ዝቅ ይላል።

ዋናው ነገር ቀኑን ማከፋፈል ነው። የመጀመሪያው ቀን ከግራናዳ በአልሄንዲን አድርጋችሁ ሱስፒሮ ዴል ሞሮ ትወጣላችሁ፤ 860 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ ለስላሳ ነው። የግራናዳ የመጨረሻው ሙስሊም ንጉሥ ቦአብዲል በ1492 ከተማውን አስረክቦ ሲሄድ ዞሮ አይቶ አለቀሰ የሚባለው እዚያ ነው። ከዚያ ፓዱል፣ ዱርካል፣ ላንኻሮን ትላላችሁ። ኤ-44 የሚባለው ፈጣን መንገድ ላይ አትግቡ። የድሮው ኤን-323 በዚያው አቅጣጫ ይሄዳል፤ መኪናም ያነሰበት ነው። ከላንኻሮን ኦርኺቫ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአመዛኙ ቁልቁለት ነው። ኦርኺቫ እደሩ። ትልቁን ዳገት በደከመ እግር ከሰዓት በኋላ አትጀምሩት።

በማግስቱ ፀሐይ እንደወጣች ተነሱ። ፓምፓኔይራ ላይ በደንብ እረፉ። ከዚያ በላይ ቡቢዮን፣ ከሱም በላይ ካፒሌይራ አለ፤ 1,436 ሜትር። ባለቤትሽ ጉልበት ከተረፈው እሱ ወጥቶ ይመለስ። አንቺ አደባባዩ ላይ ቡናሽን ጠጪ። የቤቶቹን ጣሪያ ግን ልብ ብለሽ እይ። ጠፍጣፋ ነው፤ ላዩ ላይ ላውና የሚሉት ግራጫ አፈር ይደለደላል። ከሙስሊሞቹ ዘመን የመጣ አሠራር ነው። በየመንገዱ ዳር የምታዪው የመስኖ ቦይም የዚያ ዘመን ነው። ከላይ ከበረዶ የሚቀልጠውን ውሃ ዛሬም ወደ እርሻው ያወርዳል። እኔ ይህን አገር የምወደው ለዚህ ነው። ተራራው ላይ የሰው እጅ ያልነካው ቦታ የለም፤ ግን አልተበላሸም።

ማታ ፒትሬስ እደሩ። ሦስተኛው ቀን ትሬቬሌዝ፣ አራተኛው ኡኺኻር፣ አምስተኛው ላውኻር፣ ስድስተኛው አልሜሪያ። አንድ ቀን ለዝናብ ወይም ለድካም ይተርፋችኋል።

ከአልሜሪያ

እኔ እዚሁ አልሜሪያ ነው የምኖረው። በመንገዱ እስማማለሁ፤ በአቅጣጫው ግን አልስማማም። ሜዳ ለለመደ ሰው ከዚህ መነሳት ይሻላል። የአንዳራክስ ወንዝን ተከትለሽ ከባሕሩ እስከ ላውኻር 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ላውኻር 900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ብርቱካን ተክል መሀል ትጀምሪያለሽ፤ ካንኻያርን አልፈሽ ወይን እርሻ ውስጥ ትገቢያለሽ። እግር ሳይደነግጥ ይላመዳል። ጉዞው ግራናዳ ሲያልቅ ደግሞ ባቡርና አውቶቡስ እንደልብ ነው።

ዳገት ወዳድ

ወንድሜ፣ ያልከው እስከ ላውኻር ድረስ ልክ ነው። ከዚያ በኋላስ? ከላውኻር ኡኺኻር ስትወርድ ወደ 560 ሜትር ትመለሳለህ። ከዚያ በቫሎር፣ በዬኼን፣ በሜሲና ቦምባሮንና በኹቪሌስ አድርገህ እስከ ትሬቬሌዝ 45 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በየሸለቆው ገብተህ ትወጣለህ። ተደምሮ ከ900 ሜትር በላይ መውጣት ነው። ከኦርኺቫ በኩል ያለው ዳገት አጭር ነው፤ ተወጥቶም ይገላገሉታል። እነሱ ደግሞ ሻንጣ ጭነዋል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ቢሄዱ ከትሬቬሌዝ በኋላ ያለው አብዛኛው መውረድ ነው።

ከአልሜሪያ

እሱስ እውነት ነው። ለጭነት ያንተ ይሻላል። እንግዲያው ከኡኺኻር ላውኻር ያለውን አትናቁት። ሁሉም ቁልቁለት ነው ብሎ የመጣ ሰው እዚያ ይደክማል። 350 ሜትር ያህል መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ላውኻር ስትደርሱ የአንዳራክስ ወንዝ የሚመነጭበት ቦታ ከከተማው ቅርብ ነው። ዛፍ አለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አለ። ከሰዓቱን እዚያ ብታሳልፉ አትቆጩም።

መካኒኩ

ስለ ማርሹ ልመልስ። 30 እና 28 አይበቃም። ባዶ ሳይክል ቢሆን ታልፊው ነበር፤ ከነጭነት ግን ጉልበትሽን ይጨርሰዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በዚህ ማርሽ ፔዳሉን አንድ ዙር ስትረግጪ ሳይክሉ 2.3 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከፊት 26፣ ከኋላ 36 ብታደርጊው አንድ ዙር 1.5 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ፍጥነትሽ ይቀንሳል፤ በሰዓት 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ብትሄጂ ነው። ግን ተቀምጠሽ፣ ሳታለከልኪ ትወጫለሽ። ለጭነት ጉዞ የማልደራደርበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ የፊቱ ትንሽ ማርሽ ጥርስ ከኋላው ትልቅ ያነሰ ይሁን።

የኋላውን ስትቀይሪ ማርሽ መቀየሪያው 36 ጥርስ መቀበል መቻሉን አስጠይቂ። ሰንሰለቱም መርዘም ሊኖርበት ይችላል። ይህን ቢያንስ ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት አሠሪውና እዚያው ኮሎኝ ጭነሽ ሞክሪው። አዲስ ዕቃ ተራራ ላይ አይፈተንም።

ሰው ስለ ዳገቱ ይጨነቃል፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ቁልቁለቱ ነው። ከነጭነት ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ ዝም ብሎ መውረድ አደገኛ ነው። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ቸርኬው ይግላል፤ ካላማዳሪያው ሊፈነዳ ይችላል። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርገሽ ያዢ፣ ከዚያ ልቀቂው፣ ይቀዝቅዝ። የፊቱንና የኋላውን አፈራርቂ። መሄጃሽ ሲደርስ የፍሬኑን ጎማ አስቀይሪ፤ አንድ ጥንድ መለዋወጫም ያዢ። ካላማዳሪያ ሁለት፣ መንፊያ፣ የሰንሰለት መፍቻ። ከኦርኺቫ ወዲያ የሳይክል ዕቃ አገኛለሁ ብለሽ አትተማመኚ።

የኮሎኟ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። በዚህ ሳምንት ሳይክሌን አስገባለሁ። አቅጣጫውም ከግራናዳ እንዲሆን ተስማምተናል። ባለቤቴ ግን አሁን ደግሞ ቬሌታ የሚባል ተራራ ላይ እንውጣ እያለ ነው። ስለ ምግቡስ የሚያውቅ የለም?

ዳገት ወዳድ

ቬሌታን በአፕሪል ተዉት። 3,396 ሜትር ነው፤ በዚያ ጊዜ ላዩ በረዶ ነው። ከካፒሌይራ በላይ የሚሄደው ኮረኮንች መንገድም እንደዚያው። እሱ የአውሮፓ በጋ ጉዞ ነው። ለእናንተ ትሬቬሌዝ ራሱ ማታ ማታ ይበርዳል፤ ወፍራም ሹራብና ጓንት ያዙ። ዳገቱ ላይ ያላበው ልብስ ቁልቁለቱ ላይ ያንቀጠቅጣል።

ጾመኛዋ

እኔ ስፔን ውስጥ ነው የምኖረው፤ ሁዳዴንም እዚሁ ነው የምጾመው። ስለ ምግቡ በዝርዝር ልንገርሽ፤ እዚህ ላይ ካልተዘጋጃችሁ ትቸገራላችሁ።

አልፑኻራ የአሳማ ሥጋ አገር ነው። ትሬቬሌዝ የሚታወቀው በኻሞን ነው፤ በቀዝቃዛው ደረቅ አየር የሚደርቅ የአሳማ እግር ነው፤ በየሱቁ ጣሪያ ተንጠልጥሎ ታዩታላችሁ። «ሥጋ የሌለው» ስትሉ ኻሞኑን ከሥጋ የማይቆጥር አስተናጋጅ ያጋጥማል። ስለዚህ እየጠራችሁ ንገሩ፦ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ኻሞን፣ ሲን ኡዌቮ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን አቱን»። ያለ ሥጋ፣ ያለ ኻሞን፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ አይብ፣ ያለ ቱና ማለት ነው። ሰላጣ ላይ ቱና ሳይጠየቅ ነው የሚመጣው። ምስር ወጣቸው ውስጥም ቋሊማ አይጠፋም።

የሚያድናችሁ ምግብ አለ። ጠዋት የተጠበሰ ዳቦ በተፈጨ ቲማቲምና በወይራ ዘይት እዘዙ፤ «ቶስታዳ ኮን ቶማቴ» ይሉታል። ርካሽ ነው፣ ያጠግባል፣ በየቡና ቤቱ አለ። ፓታታስ አ ሎ ፖብሬ የሚባለው ድንች በቃሪያና በሽንኩርት በዘይት የሚበስል ነው፤ እንቁላሉን አስቀሩት። ሽንብራ በስፒናች ካገኛችሁ አትለፉት። አሆብላንኮ የሚባል ቀዝቃዛ ሾርባ አለ፤ ከአልሞንድ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዳቦ ነው። ለመንገድ ደግሞ አልሞንድና የደረቀ በለስ ግዙ። ሁለቱም የዚያው አካባቢ ምርት ናቸው፤ ለዳገትም የሚሆን ጉልበት አላቸው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ግን ቀድማችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ባዶ ሆድ በዚያ ዳገት ላይ መሄድ ለቁልቁለቱም አደጋ ነው። ራስ እየዞረ ፍሬን አይያዝም።

የሰዓቱን ነገር አትርሱ። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ እሑድም እንደዚሁ። እራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት የሚያቀርብ ቤት ብዙ አታገኙም። ስለዚህ ጠዋት ግዙ። ውሃ በየመንደሩ ምንጭ አለ፤ «ኖ ፖታብሌ» ከሚል ጽሑፍ ግን አትጠጡ። ፖርቱጎስ መውጫ ላይ ፉዌንቴ አግሪያ የሚባል ብረት ብረት የሚል ውሃ አለ፤ እንደ አምቦ ውሃ ምላስ ላይ ይቆነጥጣል። ቅመሱት።

ለማደሪያ ሆስታል ወይም ፔንሲዮን የሚል ሰሌዳ ፈልጉ። ኦርኺቫ፣ ፒትሬስና ትሬቬሌዝ የድንኳን ማረፊያም አላቸው፤ መከፈቱን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። የሲየራ ኔቫዳ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በዘፈቀደ ድንኳን መትከል አይፈቀድም። ስትይዙ ሳይክሉ የሚያድርበት የሚቆለፍ ቦታ መኖሩን ጠይቁ።

ከአልሜሪያ

እኔ ስለ ሕጉና ስለ መመለሻው ልጨምር። ከከተማ ውጭ ሄልሜት ግዴታ ነው። መኪና ሳይክል ሲያልፍ ቢያንስ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት፤ አብዛኛው ሹፌር ያከብራል። በሌሊት መብራትና አንጸባራቂ ልብስ ያስፈልጋል። እኔ ግን መታጠፊያው ስለሚበዛ ቀንም የኋላ መብራት አብሩ እላለሁ። ለአደጋ 112 ነው።

ለመመለስ፦ መካከለኛ ርቀት የሚሄዱት የሬንፌ (የስፔን ባቡር ድርጅት) ባቡሮች ሳይክል ሳይፈታ ይቀበላሉ፤ ቦታው ግን ጥቂት ስለሆነ ከትኬቱ ጋር አብራችሁ ያዙት። ፈጣኑ ባቡር ላይ ተፈትቶ ቦርሳ ውስጥ መግባት አለበት። ከመግዛታችሁ በፊት መስመሩ ላይ ሥራ መኖሩን እዩ፤ ሥራ ሲኖር ከፊሉን መንገድ በአውቶቡስ ያደርጉታል፤ ያኔ ሳይክል ላይጭኑ ይችላሉ። በመደበኛው አውቶቡስ ከሆነ ደግሞ የሳይክል ትኬት ለብቻ ይቆረጣል፤ መሸፈኛም ይጠይቃሉ። በአውሮፕላን ከማላጋ የምትመለሱ ከሆነ ካርቶን ከሳይክል ሱቅ ይገኛል። ከመድረሳችሁ ሁለት ቀን በፊት ደውላችሁ አስቀምጡልን በሏቸው።