"ጋቤል ናዳሬ" ምን ማለት ነው? ፋርሲ የምታውቁ እስቲ

ኤልኤይ_ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት እዚህ ሎስ አንጀለስ ዌስትውድ አካባቢ አንድ የኢራኖች ሱቅ ገብቼ ፒስታሽዮና የደረቀ ሎሚ አነሳሁና ስንት ነው ስላቸው ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አርገው "ጋቤል ናዳሬ" አሉኝ። አብሮኝ የነበረው ልጅ "በነጻ ውሰድ እያሉህ ነው" ሲለኝ አመስግኜ ወጣሁ። በሩ ጋ ዞር ስል ፊታቸው ልክ አልነበረም፣ ተመልሼ ገንዘብ ስሰጣቸው ተቀበሉኝ፣ "ጎርቡኔት" ብለው መረቁኝ መሰለኝ። በጣም ነው ያፈርኩት። እና ደግሞ ከኋላቸው ቲቪው ላይ የቴህራን ሰልፍ እያሳየ ነበር፣ ሰዉ "ማርግ ባር" እያለ ይጮሃል፣ እሱን እንኳን አውቀዋለሁ ሞት ማለት ነው። ይሄን ያህል ትሁት የሆነ ቋንቋ እንዴት ነው ያንንም የሚለው?

ቃል_ለቃል፦
ወንድሜ ያጋጠመህ ነገር ታዓሮፍ ይባላል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ እዛ "መተዋወቅ" ነው፣ ፋርሲ ወስዶ ሌላ ነገር አደረገው። "ጋቤል ናዳሬ" ማለት "ላንተ የሚመጥን አይደለም" እንደማለት ነው እንጂ በነጻ ውሰድ አይደለም። እሳቸው ይሉሃል፣ አንተ "ኧረ እባክዎ" ትላለህ፣ ይደግሙልሃል፣ ትደግማለህ፣ ከዛ ዋጋው ይነገርሃል። እኛስ እንግዳ "በልቼ ነው የመጣሁት" ሲል ማን ያምነዋል፣ እንጀራው ይቀርባል አይደል።

"ጎርባኔት ቤራም" ደግሞ "መሥዋዕት ልሁንልህ" ነው። ጎርባን ያልከው የኛው ቁርባን ነው፣ ያው ቀረበ የሚለው ሥር። "ኻኬ ፓታም" የሚል አለ፣ "የእግርህ አፈር ነኝ"። እናቶቻችን ጉርሻ ይዘው "አፈር ስሆን"፣ "በሞቴ" ሲሉን የሚሞት የለም፣ የሚጎርስ ነው ያለው። "ጄጋሬቶ ቦኾራም" ሲሉህ ደግሞ እንዳትደነግጥ፣ "ጉበትህን ልብላው" ነው፣ ለልጅ የሚባል ነው። አንጀቴን በላው ብሎ ለሚያወራ ሕዝብ ይሄ እንግዳ መሆን የለበትም።

ዲራ_ዱባይ፦
ታዓሮፍ ማለት ይሉኝታ ነው በቃ።

ቃል_ለቃል፦
እህቴ እኔ አይመስለኝም። ይሉኝታ ፍርሃት አለበት፣ "ምን ይሉኛል" ነው፣ ሰውየው ብቻውን ነው የሚሸከመው። ታዓሮፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ሁለቱም ሕጉን ያውቁታል፣ ጨዋታ ማለቴ ሳይሆን ሥርዓት ነው።

ዲራ_ዱባይ፦
እሺ ተቀብያለሁ። እኔ እዚህ ኢራኖች ቤት 6 ዓመት ሠርቻለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ በሩ ጋ "ቤፋርማዪድ ቤፋርማዪድ" (ይግቡ፣ ይግቡ) እየተባባሉ ማን ይቅደም ሲሉ ምግቡ ሁለቴ ይሞቃል። የቤቱ እመቤት ስትሰግድ አይቻት አላውቅም፣ ያልዳ በሚሉት የዓመቱ ረጅሙ ሌሊት ላይ ሮማንና ሐብሐብ ደርድራ ወይን ቀድታ የሐፌዝን ግጥም ከፍታ ፋል ታወጣለች፣ እንደኛ መጽሐፍ ገለጣ ነገር። ሙሐረም፣ የሐዘናቸው ወር፣ ሲገባ ግን ጠርሙሶቹን ሁሉ ራሷ ታነሳቸዋለች፣ ጥቁር ትለብሳለች፣ ለኢማም ሁሴን ብላ ትልቅ ድስት ጌይሜ (የሥጋና የአተር ክክ ወጥ) ሠርታ ለጎረቤት ታከፋፍላለች፣ እሱን ነዝሪ ይሉታል፣ እኔ ስለት ብዬ ነው የያዝኩት። ድስቱን ስታማስል ታለቅሳለች፣ እውነተኛ ለቅሶ ነው፣ አይቻለሁ። መጀመሪያ ግራ ይገባኝ ነበር፣ ሁለቱንም ከልቧ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ቃል_ለቃል፦
ጎበዝ። ለዚህ ነው ዛሄርና ባቴን የሚሉት ሁለት ቃል ያላቸው። ዛሄር የሚታየው ነው፣ ባቴን የውስጡ። ባቴን ሥሩ ዐረብኛው "በጥን" ነው፣ ሆድ ማለት! እኛም "ሆዱን አይሰጥም"፣ "ከአንገት በላይ ነው" የምንለው። ፋርሲ ላይ "ዴል" ራሱ ልብም ሆድም ነው፣ "ዴል ዳርድ" ሲሉህ የሆድ ቁርጠት ነው። ሰው ዛሄሩን ስለጠበቀ ውሸታም አይባልም፣ ውሸቱ ሌላ ስም አለው፣ ሪያ ይባላል፣ ለታይታ መጸለይ። ሐፌዝ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሺራዝ ላይ አጥብቆ የተሳደበው ሪያን ነው፣ መጠጥ ቤቱን ከአስመሳይ ዛሂድ (መናኝ) ያስበልጣል። ወይኑ እውነት ወይን ነው ወይስ የፈጣሪ ፍቅር? ኢሃም የሚሉት ዘዴ ነው፣ ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የአብዮቱ መሪ ኾሜይኒ ራሳቸው የመጠጥ ቤትና የወይን ጋዛል (የፍቅር ግጥም) ጽፈዋል፣ የወጣው በፈረንጆች 1989 ከሞቱ በኋላ ነው።

የኢራን አብዮት ድል ያደረገበትን ቀን "22 ባህማን" ይሉታል፣ ፌብሩዋሪ 11 1979 መሆኑ ነው። ባህማን የወር ስም ነው፣ ምንጩ የዞሮአስተር እምነት ነው፣ ቮሁ ማናህ፣ "መልካም ሐሳብ"። የእስልምና ሪፐብሊክ የድሉን ቀን ከእስልምና በፊት በነበረ ስም ነው የሚጠራው።

እና "ማርግ ባር"፦ በኛ "ይውደም" ነው። "ኢምፔሪያሊዝም ይውደም" ብለን በግራ እጃችን የጮህን ሰዎች ቃናውን እናውቀዋለን፣ የዘመኑ የሰልፍ ቋንቋ ነው።

ጥያቄ_አለኝ፦
ጋሼ ይቅርታ እዚህ ላይ አልስማማም። እኛስ "ይውደም" ስንል ቃል ብቻ ነበር እንዴ? ሰው ወድሟል። እዛም በ1988 ከሐምሌ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የፖለቲካ እስረኞች ተገድለዋል። ቃሉን ስናሳምር እነሱ እንዳይረሱ። ደግሞ በዚያው ዓመት ኾሜይኒ ለመንግሥት ጥቅም ከተባለ ሐጅም ሳይቀር ሊታገድ ይችላል አሉ፣ ማስላሃት (የጋራ ጥቅም) የሚባለው ቃል፣ በዛው ስም ምክር ቤት ተቋቋመለት። በሃይማኖት ስም የመጣ መንግሥት ራሱን ከሃይማኖቱ ሕግ በላይ ሲያስቀምጥ ይሄን በዛሄርና ባቴን አናልፈውም።

ቃል_ለቃል፦
ልክ ነህ፣ "የሰልፍ ቋንቋ ነው" ብዬ ማለፍ አልነበረብኝም። አንድ ልጨምርበት፣ መፈክሩ ዞሮባቸዋል፣ በ2009ም፣ በ2022 ማህሳ አሚኒ የምትባለው ወጣት በሂጃብ ምክንያት ታስራ ከሞተች በኋላም ሕዝቡ "ማርግ ባር ዲክታቶር" እያለ ወጣ። ለኔ ግን ከዛ የበለጠው ሌላኛው ነው፣ "ዛን፣ ዜንዴጊ፣ አዛዲ"፣ ሴት ሕይወት ነጻነት፣ ከኩርድኛ የመጣ ነው፣ ሞት የሚል ቃል የለበትም።

ኤልኤይ_ነኝ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሄጄ ነበር። "ጋቤል ናዳሬ" አሉኝ፣ "ኻሄሽ ሚኮናም" (እባክዎ) አልኳቸው፣ ደገሙ፣ ደገምኩ፣ ከዛ ሳቁና ዋጋውን ነገሩኝ፣ ሻይም አስቀመጡልኝ። አንድ የቀረኝ፦ እናንተ "ጎርባኔት" ትላላችሁ፣ እሳቸው ግን በግልጽ "ጎርቡኔት" ነው ያሉኝ።

ቃል_ለቃል፦
ጆሮህ ትክክል ነው። በንግግር ቴህራኖች "ኣን"ን "ኡን" ያደርጉታል፣ ናን (ዳቦ) ኑን ይሆናል፣ ቴህራንም ቴህሩን። ቁርኣን ግን ቁርኡን አይባልም፣ እሱን እንደተጻፈው ነው የሚጠሩት።