የወንዝ ዳሩ የቀውት ተከላ፦ ረቂቁ ላይ አስተያየት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ወንዙ ዳር አገር በቀል ቀውት እንትከል ነው የሚለው። በላቲን ስሙ ሴልቲስ አፍሪካና ነው። እንደ አምናው ሌላ ዛፍ ገዝተን እንዳንመጣ ምልክቱን ጽፌያለሁ። ከቅጠሉ መነሻ ሦስት ጅማቶች ይወጣሉ። መነሻው ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። የጠርዙ ጥርስ ወደ ጫፉ ነው፤ ታችኛው ክፍል ልሙጥ ነው። ግንዱ ግራጫ፣ ቅርፊቱ ለስላሳ።

ገንዘብ ያዥ፦ አምና የመጣውም ሦስት ጅማት ነበረው። ሻጩ ምሎ ነው የሸጠልን። የሰው መዋጮ ነው የበላነው።

ጸሐፊ፦ እሱ ትሬማ ነበር። ጥርሱ ዙሪያውን ነው። ፍሬውም ቅርንጫፉ ላይ ተጠጋግቶ ይወጣና ሲበስል ይጠቁራል። የቀውት ፍሬ በቀጭን ረጅም ዘንግ ተንጠልጥሎ ቢጫ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ለዚህ ነው የችግኙ ዘር የተለቀመበትን እናት ዛፍ ሳናይ አንግዛ ያልኩት።

ቁጥጥር፦ ረቂቁ ላይ ቀውትን «የኤልም ዘመድ» የሚለው ይውጣ። ኤልም የውጭ ዛፍ ነው። የፈረንጅ ዛፍ ተከሉ ይሉናል።

መምህር፦ ድሮ ከኤልም ቤተሰብ ይመደብ ነበር። አሁን ካናቢስ ያለበት ቤተሰብ ውስጥ ነው። ካረማችሁ በትክክል አርሙ።

ቁጥጥር፦ ሐሺሽ? ይሄን ይዤ ወረዳ አልገባም! አልፈርምም።

መምህር፦ ጋሼ፣ ዝምድና ነው ያልኩት። አያቶቻችን የመጥረቢያ ዛቢያ ያደረጉት እንጨት ነው። ፍሬውን እርግብ ይበላዋል።

ቁጥጥር፦ ወረዳው እርግብ አይጠይቀኝም። ቃሉ ከወረቀቱ ይጥፋ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ።

መምህር፦ እንግዲያው ስሜን ከኮሚቴው አውጡልኝ።

እናት አባል፦ በአንድ ቃል አራት ቀን አለቀ። ክረምቱ ሊገባ ነው። ጉድጓድ እንቆፍራለን ያሉት ስድስቱ ልጆች የት ገቡ? ስልክ እንኳ አያነሱም።

ቁጥጥር፦ ተቆጥቼ ነበር፣ ይቅርታ መምህር። «ቀውት» ብቻ ይባል። ግን ስሙን የያዘ ታፔላ ይቁም፤ ሰው አገር በቀል መሆኑን ይወቅ።

ገንዘብ ያዥ፦ ታፔላው የብረት ይሁን። ከብት እንዳይገፋው አጥርም ያስፈልገዋል።

እናት አባል፦ አጥሩ ለታፔላው ነው ለችግኙ?

ገንዘብ ያዥ፦ መጀመሪያ ለታፔላው።

ጸሐፊ፦ ሒሳቡን ሠራሁት። ታፔላና አጥር ከገቡ ከመቶው ችግኝ የሚተርፈው ሠላሳ ነው። ሠላሳውም ቢሆን ትክክለኛው ይሁን። ቅዳሜ እናት ዛፉን ለማየት አብሮኝ የሚሄድ አለ?

ቁጥጥር፦ ታፔላው ላይ የማኅበሩ ስም ከላይ ነው ከታች?