አስቸኳይ! የእማዬ እግር አብጦ ካልሲው ቆርጧታል

የእማዬ ልጅ (ከምሽቱ 1:40)
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። የእማዬ ግራ እግር ከብሽሽቷ እስከ ጣቷ አብጧል። ትናንት ከፋርማሲ ጠባብ ረጅም ካልሲ ገዝቼ አደረግኩላት። ዛሬ ሳወልቀው ጭኗ ላይ የላስቲኩ ቦታ እንደ ገመድ ቆርጦ ገብቷል። ከሱ በታች ያለው ደግሞ ብሶበታል። ጫማ አልገባ ብሏት በአንድ እግሯ ሸራ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርጋ ነው የምትንቀሳቀሰው። የአባዬ የሚያሸና መድኃኒት፣ ላዚክስ፣ ቤት ውስጥ አለ። ስንት ፍሬ ልስጣት? ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ለአጎቴ ተዝካር ደሴ እንሄዳለን፤ ትኬት ቆርጠናል።

ቡና በጨው
ትኬቱን ለኔ ስጪኝ፣ ተዝካሩን እኔ እበላላችኋለሁ። ቀልዴን ነው እህቴ። እግራቸውን ትራስ ላይ ከፍ አድርገው ይተኙ።

ሰናይት
አንድ እግር ብቻ ነው? ከዚህ በፊት ምን ታመው ያውቃሉ? ልብ? ኩላሊት?

የእማዬ ልጅ
አንድ እግር ብቻ። ልብም ኩላሊትም የለባትም። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ የማህፀን በር ካንሰር ኦፕራሲዮን ሆናለች። ማህፀኗ ከነንፍፊቶቹ ወጥቷል። ከዛ ጨረር ወስዳለች። አሁን ግን ድናለች፣ የሚገናኝ አልመሰለኝም።

ጡረተኛው መምህር
ይሄ መጀመሪያ አይነገርም እንዴ ልጄ! ዋናው እሱ ነው። ስሚኝ። ደም ከልብ ወጥቶ በደም ሥር ይመለሳል። የሚተርፈውን ፈሳሽ የሚሰበስቡ ሌሎች ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ ሊምፍ ይባላሉ። የእግር ፈሳሽ በብሽሽትና በዳሌ ንፍፊቶች በኩል ነው ወደ ላይ የሚያልፈው። ካንሰሩ ተዛምቶ እንደሆነ ለማወቅ ንፍፊቶቹ ይወጣሉ። ጨረር ሲጨመርበት የቀሩት መስመሮችም ይጠባባሉ። ክረምት ላይ ቦይ ሲደፈን ውሃው ግቢ ይገባ የለ? እንደዛ ነው። ወዲያው ላይመጣ ይችላል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ይመጣል። ስሙ ሊምፍኤዲማ ነው። አሁን አሁን በጊዜ ለተደረሰበት ካንሰር ቀለም ወግተው፣ ካንሰሩ ቢዛመት መጀመሪያ የሚደርስባቸውን ጥቂት ንፍፊቶች ብቻ ለይተው የሚያወጡበት ዘዴ መጥቷል። ሁሉን ጠርጎ ከማውጣት ይልቅ ለእብጠት የሚያጋልጠው በጣም ያነሰ ነው። የእናትሽ ሐኪሞች ይህን ቢያደርጉ ኖሮ…

ሰናይት
ጋሼ፣ የወጣው ንፍፊት አይመለስ። ለዛሬ ማታ ምን ታድርግ?

አበበ ዘመርካቶ
እህቴ ይሄ ዝሆኔ ነው። ዋግምት ያሲዙላት፤ ካልሆነ ሶደሬ ፍል ውሃ ትዘፍዘፈው። አክስቴ በሱ ነው የዳነችው።

ወላይታ ሶዶ
አቤ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ እግሯን እንዳታስበጣ! እኔ የዝሆኔ ታካሚዎች ጋ ነው የምሠራው። እኛ አገር የሚበዛው ዝሆኔ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። የኚህ እናት መነሻው ሌላ ነው። ቆዳው ሲበጣ ጀርም ይገባል። ፍል ውሃ ደግሞ ሙቀቱ እብጠቱን ያባብሰዋል። እንክብካቤው ግን ይመሳሰላል፦ በየቀኑ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፣ በጣቶቹ መሃል ጨርቅ አስገብቶ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በጣት መሃል ፈንገስ ካለ ማከም። ሰው ይህን ይንቃል። እግር ላይ ግን ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

ፊዚዮው
ጥያቄሽ ራሱ ልክ አይደለም፣ አትቀየሚኝ። ላዚክስ ስንት ልስጣት ሳይሆን ለምን ልስጣት ነው። ላዚክስ ውሃውን በሽንት ያስወጣዋል። እግር ውስጥ የታቆረው ፈሳሽ ግን ፕሮቲን አለበት። ፕሮቲኑ እዛው ይቀርና ውሃውን መልሶ ይስበዋል። በዛ ላይ የአባትሽ መድኃኒት ነው። ተይው።
ካልሲውንም አትመልሺው። ሳይለካ የተገዛ ካልሲ ጫፉ ይጠቀለልና ያንቃል። አሁን ሦስት ነገር መልሺልኝ፦ እብጠቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው ወይስ በአንድ ሁለት ቀን? ቆዳው ቀልቶ ይሞቃል? ትኩሳት ወይ ብርድ ብርድ ብሏታል?

ቡና በጨው
ከፍ አድርገው ይተኙ እንጂ። ትራስ ሁለት።

የእማዬ ልጅ (ከምሽቱ 2:35)
አሁን ባትሪ ይዤ አየሁት። እብጠቱ ከፋሲካ ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ነበር። ከትናንት ወዲህ ግን በአንዴ ጨመረ። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቀልቶ እንደ ምጣድ ይሞቃል። በትንሿ ጣቷና በአጠገቧ መሃል ቆዳው ተሰንጥቋል። ሌሊት አንቀጥቅጧት ነበር፣ ወባ መስሎኝ ፓራሲታሞል ሰጠኋት 😔

ፊዚዮው
ደሴ ይቅር። አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት፣ እስኪነጋ አትጠብቂ። በተሰንጠቀው ቆዳ ኢንፌክሽን ገብቶ ይመስላል። ሊምፍ በታገደበት እግር ቶሎ ይዛመታል፤ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል። ከመውጣታችሁ በፊት የቀላውን ጠርዝ በእስክሪብቶ አስምሪበት፤ መስመሩን ካለፈ እየተስፋፋ ነው ማለት ነው። ሐኪሙን የካንሰሩን፣ የንፍፊቶቹንና የጨረሩን ንገሪው፤ እንደ ቅድሙ አትርሺ። እግር ውስጥ ደም ረግቶም ሊሆን ስለሚችል በአልትራሳውንድ የደም ሥሯን ይዩላት። ሁለቱም እስኪጣራ እንዳታሺው፣ እንዳትጠቀልዪው።

የእማዬ ልጅ (ከምሽቱ 2:52)
ራይድ ጠርተናል። እማዬ ተዝካሩ ይለፈኝ ወይ ብላ እያለቀሰች ነው።

እኔም አልፌበታለሁ
አይዞሽ እህቴ። እኔም ያንኑ ኦፕራሲዮን ሆኜ ግራ እግሬ ነው። አሁን ስድስት ዓመቴ። ሲሻላት የሚጠቅማትን ልንገርሽ። መጀመሪያ የሚቀንሰው በፋሻ ነው። በፋርማሲ የምናየው በጣም የሚለጠጠው ሳይሆን ብዙ የማይለጠጠው። ልጄ ጥቅሉን ይይዝልኛል፣ እኔ ከጣቶቼ እጀምራለሁ። ከታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ጣቴ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ፈትቼ እንደ አዲስ። የሚያስተምር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካላሳየሽ በራስሽ አትሞክሪ። ከዛ ተጠቅልላ ትንቀሳቀስ፤ ባት ሲሠራ ፈሳሹን ይገፋዋል። ቅዳሴ ላይ ሦስት ሰዓት ቀጥ ብሎ መቆም ይቅርባት። እኔ መቋሚያዬን ይዤ ተረከዜን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ሰው የማሸበሽብ ይመስለዋል። ቡና ስናፈላ በርጩማው ላይ እግር አጥፎ መቀመጥም ቀርቷል፣ ወንበር ነው። ጽዋ ማኅበሬ ውስጥ ያሉት ሴቶች መጀመሪያ ኮራች ብለውኝ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ካልሲ ልልክልሽ እችላለሁ። ግን ካልሲ ያበጠውን አይቀንስም፤ በፋሻ የቀነሰውን ነው የሚይዘው። ስለዚህ መጀመሪያ ትዳን፣ ትጠቅለል፣ ከዛ ትለካ። እብጠቱ እስከ ብሽሽት ስለሆነ እስከ ወገብ የሚደርሰው ሳይሻል አይቀርም፣ ፊዚዮዋን ጠይቂ። እዚህ አሜሪካ ከ2024 ጀምሮ ሜዲኬር (በተለይ ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ለካልሲው መክፈል ጀምሯል፤ የኔ እናት ከዛ በፊት በኪሷ ነበር የምትገዛው። ውድ ነው፣ ስለዚህ ልኬቱ መሳት የለበትም።

አበበ ዘመርካቶ
ዋግምቱን ትቻለሁ 🙏 ግን ሶደሬ ለመዝናናት ይቻላል አይደል?

ወላይታ ሶዶ
አንተ ሂድ።

ሰናይት (በማግስቱ)
እህቴ፣ እናትሽ እንዴት አደሩ?

ፊዚዮው (ከሦስት ቀን በኋላ)
አልትራሳውንዱ ምን አለ? ብትጽፊልን።

ቡና በጨው
ተዝካሩስ?

ሲልቨር ስፕሪንግ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)
የእማዬ ልጅ፣ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። ከለካችሁ ላኪልኝ፦ ቁርጭምጭሚት፣ ባት፣ ጉልበት፣ ጭን፣ ዳሌ። በሴንቲሜትር፣ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ።