[ሀ-ፐ] ብዬ ፖሊስን ለምን "ሊስ" ያደርግብኛል?

ጠያቂ፦
ሰላም ልጆች፣ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከጀመርኩ ወር አይሞላኝም። አሳይመንት ተሰጥቶን፣ እንግሊዝኛ ቁጥር ኢሞጂ ምኑም ምኑም የተቀላቀለበት ፋይል ነው፣ ከሱ ውስጥ የአማርኛ ቃላቱን ብቻ አጣርታችሁ ቁጠሩ ተባልን። እኔም ፊደል ከሀ እስከ ፐ አይደል ብዬ [ሀ-ፐ]+ ጻፍኩና ፋይንድኦል (የሚገጥመውን ሁሉ ፈልጎ የሚያወጣው ትእዛዝ) ውስጥ ከተትኩት። ሰራ ብዬ ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ሊስቱ ውስጥ "ሊስ" የሚል ነገር አየሁ፣ ለካ ፖሊስ ነው! "ስታ"ም አለ፣ ፖስታ ይሁን ፓስታ እንጃ። ኮምፒውተር "ኮም" እና "ውተር" ተብሎ ለሁለት ተቆርጧል፣ ፓይተን ራሱ "ይተን" ሆኗል 😂 የሚገርመው ፐርሰንት ሙሉውን ወጥቷል፣ ኢትዮጵያም ደህና ናት። የፋይሉ ኢንኮዲንግ (ፊደሉ የተቀመጠበት መንገድ) ዩቲኤፍ 8 ነው፣ አይቻለሁ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ 1፦
አይዞህ፣ እኔም በዚች ነገር አንድ ሌሊት አድሬባታለሁ። ሬጄክስ (ያ የጻፍከው የፍለጋ ቀመር) በሀ እና በፐ መሃል ያለችውን ሰረዝ ሲያይ የፊደል ገበታ ረድፍ አይደለም የሚያየው፣ የዩኒኮድ ቁጥር ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠው ቁጥር። ሀ 4608 ነው፣ ፐ 4944። አንተ 4944 ላይ አቁም ብለኸዋል፣ ፑ ፒ ፓ ፔ ፕ ፖ ደሞ ከ4945 እስከ 4950 ስለሆኑ ውጪ ቀሩ። ፐርሰንት በግዕዙ ፐ ስለሚጀምር አለፈ፣ የኢትዮጵያ ጵ ደግሞ ሌላ ፊደል ነው፣ ከፐ በፊት ነው ያለው። [ሀ-ፚ]+ አድርገው፣ ፚ ከነሱ ኋላ ናት።

መልስ 2፦
ምን አስለፋው፣ ባክስላሽ ደብሊው (\w፣ ማንኛውም ፊደል ወይም ቁጥር ማለት ነው) ብሎ አይገላገልም? ፓይተን 3 ላይ ፊደላችንን ያውቃል እኮ።

መልስ 3፦
ያውቃል፣ ግን እንግሊዝኛውንና ቁጥሩንም አብሮ ይጎትትለታል፣ የተባለው ደሞ አማርኛ ብቻ። ጃቫስክሪፕት በሚባለው ሌላ ቋንቋ ላይ ከሆነ ጭራሽ አንድም የአማርኛ ፊደል አያይለትም። እና ጠያቂው፣ እስከ ጥግ ልውሰደው ብለህ [ሀ-፼] እንዳትል፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ እዛ መሃል ስላሉ "ሄደ" እና "ሄደ።" ሁለት ቃል ሆነው ይቆጠሩብሃል።

ጠያቂ፦
ሰራ!! ሊስም ውተርም ጠፉ፣ ተባረኩ። ግን አሁን "አለም" እና "ዓለም"ን ለየብቻ ቆጠረብኝ። ሁሉንም ሀ፣ ሁሉንም ሰ፣ ሁሉንም አ ወደ አንድ ልቀይራቸው?

መልስ 1፦
ለቆጠራ ከሆነ ቀይር፣ ግን [ሐኀ]ን ወደ ሀ ስላደረግክ ሑና ኁ አብረው አይቀየሩም፣ ሰባቱንም ለየብቻ መጻፍ አለብህ፣ አሰልቺ ነው ቻለው። ኮፒው ላይ ስራ እንጂ ዋናውን ፋይል አትንካ። "ፀሐይ ሠረቀች" (ወጣች) የሚል ቢኖርበት ሠ ወደ ሰ ሲቀየር ሌባ ታደርጋታለህ።