ከጣሪያ የሚንጠለጠሉ መብራቶችና ሰሌዳዎች በወርልድ ኤዲተር፦ ከፍታቸው እንዴት ይያዛል?

ጥያቄ፦ ክንፍ_07

ሰላም ለሁላችሁ። ለበረራ ሲሙሌተሩ ኤክስ-ፕሌን 12 የቦሌ አየር ማረፊያን (ኤችኤኤቢ) ሲነሪ በወርልድ ኤዲተር፣ ማለትም በሲነሪ መሥሪያው ፕሮግራም፣ እየሠራሁ ነው። በሞዴሌ ላይ የተርሚናሉ የመግቢያ ጣሪያ ከመሬት 7 ሜትር ከፍ ይላል። ከሥሩ 24 መብራቶችና 6 የአቅጣጫ ሰሌዳዎች መንጠልጠል አለባቸው። መብራቶቹ የራሴ ሞዴል ናቸው፣ ሰሌዳዎቹ ከላይብረሪ (ከተዘጋጁ ዕቃዎች ስብስብ) የመጡ።

እንዲሁ ሳስቀምጣቸው አስፋልቱ ላይ ያርፋሉ። «ኢሌቬሽን ሞድ»ን «ሴት ኤምኤስኤል» አድርጌ 6 ስጽፍ ጭራሽ ጠፉ። ከመሬት በሚለካው «ሴት ኤጂኤል» ላይ 6 ስጽፍ መሐል ያሉት ልክ ሆኑ፣ በምሥራቅ ጫፍ ያሉት ግን ጣሪያውን በስተው ወጡ። ቁጥሩ ለሁሉም አንድ ነው። ምን እየሆነ ነው?

መልስ፦ አፕሮን_ሠሪ

የጠፉት መብራቶች መሬት ውስጥ ናቸው። ኤምኤስኤል የሚለካው ከባሕር ወለል ነው፤ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው። 6 ብለህ ስትጽፍ ከአስፋልቱ 2,300 ሜትር ገደማ በታች ቀበርካቸው ማለት ነው። በዚህ መንገድ መሄድ ከፈለግህ የቦታውን ከፍታ አግኝተህ 6 ትጨምርበታለህ።

ከፍታውን ከአልቲሜትር አታንብብ፤ በጫማ (ፊት) ነው የሚያሳይህ፣ በዚያ ላይ እንደ አየር ግፊቱ አሞላል ይለዋወጣል። አውሮፕላኑን እዚያው አቁመህ በዳታሬፍ (የሲሙሌተሩ ውስጣዊ ቁጥሮች) ማንበቢያ «ኢሌቬሽን» የሚለውን ውሰድ፣ ከዚያ ላይ «ዋይ_ኤጂኤል»ን ቀንስ። ሁለቱም በሜትር ናቸው። ካልቀነስህ የአውሮፕላኑን ቁመት ጭምር ትደምራለህ።

ግን ኤምኤስኤልን ለዚህ ሥራ አልመክርም። ሲነሪውን የሚያወርደው ሰው ሌላ ሜሽ (የመሬቱን ቅርጽ የያዘ ፋይል) ጭኖ ከሆነ መሬቱ በእሱ ዘንድ አንድ ሁለት ሜትር ይለያል፤ ተርሚናሉ ከመሬቱ ጋር ሲወርድ መብራቶቹ ባሉበት አየር ላይ ይቀራሉ።

ሌላው፣ «ቪው» ዝርዝር ውስጥ ርዝመት በሜትር ይሁን በጫማ የተመረጠው እይ። በጫማ ከሆነ 6 ማለት 1.8 ሜትር ነው፤ ሰው ጭንቅላት ላይ ይደርሳል።

መልስ፦ ዜሮ_ነጥብ

የምሥራቁን ጫፍ ነገር ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ቀኑን የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው። አንድ ኦብጀክት (የተቀመጠ ሞዴል) ከፍታውን የሚወስደው ከራሱ ዜሮ ነጥብ (ሞዴሉ ከሚለካበት መነሻ) ሥር ካለው መሬት ብቻ ነው። ተርሚናልህ አንድ ኦብጀክት ስለሆነ መሐሉ ላይ ይለካና መላ አካሉን በዚያው ደረጃ ያቆማል፤ የመሬቱን ተዳፋት ተከትሎ አይታጠፍም። እያንዳንዱ መብራት ግን የራሱን ሥር ይለካል። መሬቱ ወደ ምሥራቅ 1.5 በመቶ ከፍ ቢል፣ ከመሐል 80 ሜትር የራቀው መብራት 1.2 ሜትር ወደ ላይ ይሄዳል። 6 የነበረው 7.2 ሆነ፤ ጣሪያህ 7 ላይ ነው።

ስለዚህ መብራቶቹ መሬቱን ራሳቸው እንዲለኩ አትፍቀድ። ብሌንደር (የሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም) ውስጥ የተርሚናሉን ፋይል ክፈት፣ 24ቱንም በቦታቸው በ6 ሜትር ስቀል፣ የተርሚናሉን ዜሮ ነጥብ ሳትነካ መብራቶቹን ብቻ እንደ አንድ ኦብጀክት ላክ። የወጣውን ፋይል በጽሑፍ አርታኢ ክፈተው። «ቪቲ» ብለው የሚጀምሩ መስመሮች ላይ ሁለተኛው ቁጥር ከፍታ ነው፤ 6 አካባቢ መሆን አለበት። ሁሉም ዜሮ አካባቢ ከሆኑ ዜሮ ነጥቡ ከመብራቶቹ ጋር ሄዷል፤ ተመልሰህ አስተካክል።

ከዚያ ወርልድ ኤዲተር ላይ አዲሱን ኦብጀክት አስቀምጥና የተርሚናሉን ላቲቲዩድ፣ ሎንጊቲዩድና ሄዲንግ (የዞረበትን አቅጣጫ) ገልብጠህ ለጥፍበት። በዓይን አታመሳስል፤ ሄዲንግ በግማሽ ዲግሪ ቢሳሳት 80 ሜትር ላይ 70 ሴንቲሜትር ያዛባል። ኢሌቬሽን ሞዱን መሬት ላይ እንደነበረ ተወው። አሁን ሁለቱም አንድ ነጥብ ላይ ይለካሉ፤ ሜሹ ቢቀየርም አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ።

የሌሊት ብርሃኑንም አትርሳ። የብርሃን ነጥቦቹን ከሞዴሉ ጋር ካላነሣሃቸው አምፖሉ ጣሪያ ላይ፣ ብርሃኑ አስፋልት ላይ ይሆናል።

ክንፍ_07

የመብራቶቹ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። የላይብረሪ ሰሌዳዎቹን ግን ብሌንደር ውስጥ ማስገባት አልችልም። «ኦልዌይስ ፍላተን» ብመርጥስ?

ዜሮ_ነጥብ

ለስድስት ሰሌዳ ብለህ ቦሌን በሙሉ ጠፍጣፋ አታድርግ፤ የመንደርደሪያዎቹ ተዳፋት አብሮ ይጠፋል። ሰሌዳዎቹን በኤጂኤል ተዋቸውና እያንዳንዱን ለብቻው አርም። 1.2 ሜትር ከፍ ያለው ላይ 6 ሳይሆን 4.8 ጻፍ። ስድስት ስለሆኑ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ሰው ሌላ ሜሽ ቢጭን ጥቂት ሊዛነፉ ይችላሉ፤ እንዳያሳስብህ ከጣሪያው ሥር ግማሽ ሜትር ያህል ክፍተት ተውላቸው።

አፕሮን_ሠሪ

ሁለት ነገር ልጨምር። ወርልድ ኤዲተር ካርታውን የሚያሳየው ከላይ ብቻ ነው፤ ከፍታ ልክ መሆኑን ማየት የምትችለው ሲሙሌተሩ ውስጥ ነው። ቁጥር ቀይረህ ምንም ካልተለወጠ መጀመሪያ «ኤክስፖርት ሲነሪ ፓክ» ማድረግህን አረጋግጥ። «ሴቭ» የሚጽፈው የኤዲተሩን ፋይል እንጂ ሲሙሌተሩ የሚያነበውን ዲኤስኤፍ አይደለም። የቦሌው ዲኤስኤፍ +00+030 ፎልደር ውስጥ +08+038 የሚለው ነው፤ የተቀየረበትን ሰዓት እይ።

ሁለተኛው ጣሪያው ራሱ ነው። ከሥሩ መኪና ወይም አውሮፕላን የሚያልፍ ከሆነና ላዩ ጠንካራ እንዲሆን ከፈለግህ በሞዴሉ ፋይል ውስጥ «ኤቲቲአር_ሃርድ» ሳይሆን «ኤቲቲአር_ሃርድ_ዴክ» ተጠቀም። ከሥር ማለፍን የሚፈቅደው ሁለተኛው ነው። ለመብራቶቹና ለሰሌዳዎቹ ሁለቱም አያስፈልጉም።

ወደ ሲነሪ ጌትዌይ (ሰዎች የሠሩትን አየር ማረፊያ የሚያጋሩበት ድረ ገጽ) ልትልከው ካሰብህ ደግሞ ጌትዌይ የላይብረሪ ዕቃ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የራስህ ተርሚናልና መብራቶች ለብቻ በሚወርድ ፓክ ውስጥ ይቆያሉ።