ሸምጋዮቹ ሳይሰሙ ይፈርዳሉ፤ ምን ይሻላል?

ደብረ ብርሃን ላይ ለወጣቶች የሰላም ግንባታና የድርድር ሥልጠና እየሰጠን በሚና ጨዋታው ልምምድ ላይ ተቸግረናል። ጉዳዩ የመንዝ ጓሳ የጋራ ሣር መሬት ነው፦ 6 ሣር አጫጅ፣ 6 ከብት አርቢ፣ 3 ሸምጋይ፣ 90 ደቂቃ። ጓሳን የመረጥነው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ የተቋረጠው የቄሮ ሥርዓት (ማኅበረሰቡ ጓሳን በጋራ የሚጠብቅበት ነባር ደንብ) ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ ያቆይ ስለነበር ነው፤ ሰላምና ልማት እንዲህ አብረው የሚታዩበት ቦታ ብዙ አይገኝም።

ሸምጋዮቹ ግን ገና ሳይሰሙ «ተዉ፣ ይቅር ተባባሉ» ብለው መሬቱን እኩል ያካፍላሉ። አጫጁ ለቤት ክዳን የደረሰ ሣር፣ አርቢው የድርቅ ወር ግጦሽ እንደሚፈልግ ሳይወጣ ይቀራል፤ ወቅት ቢለዩ ሁለቱም ባገኙ ነበር። ፍላጎቱን በሚስጥር ካርድ ጽፈን ለየወገኑ ብንሰጥ ጮክ ብለው አነበቡት።

እባካችሁ፣ ሸምጋዩ እያንዳንዱን ወገን 15 ደቂቃ ለብቻ እንዲያነጋግር እናስገድድ ወይስ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መፍትሔ ማቅረብን እንከልክል? የካርዱንም አጻጻፍ ብታሳዩን።