ኤክስፒ ሲጫን ሰማያዊ ስክሪን፣ ኮድ 7ቢ

ሰላም፣ ጅማ ሂርማታ አካባቢ የጽሕፈትና ስቲከር ሥራ ቤት አለን። የመቁረጫ ማሽናችን ሶፍትዌር ከዊንዶውስ ኤክስፒ ውጪ አልሠራም ስላለ «ዊንዶውስ ሰባትን ጫንበት» አትበሉኝ። የድሮው ዴስክቶፕ ሲቃጠል ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛን፤ ኮር አይ3፣ ቺፕሴቱ (የማዘርቦርዱ ዋና መቆጣጠሪያ ቺፕ) ኢንቴል ኤችኤም65። የኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 3 ሲዲ ፋይሎቹን ጭኖ ይጨርስና ልክ ዲስኩን ሊያሳየኝ ሲል፣ የስህተት ኮዱ መጨረሻ 7ቢ (የሚነሳበትን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም ማለት ነው) የሆነ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ሲዲው ሌላ ኮምፒውተር ላይ በደንብ ይሠራል፤ ሃርድ ዲስኩንም ቀይሬ አየሁ፣ ያው ነው። ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ) ውስጥ ኤኤችሲአይ (አዲሱ የዲስክ አሠራር) እንጂ አይዲኢ (ኤክስፒ የሚያውቀው የድሮው) የሚል ምርጫ የለም። ተጨማሪ ድራይቨር ልስጠው ብዬ ኤፍ6 ስጫን ፍሎፒ ይጠይቀኛል (ፍሎፒ ዛሬ ከየት ይመጣል?)፤ ፍላሽ ላይ ያስቀመጥኩትን የሳታ ድራይቨር (ኤክስፒን ከዲስኩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ዞር ብሎም አያየው። አሁን ድራይቨሩን በኤንላይት (የዊንዶውስ ሲዲ ማስተካከያ ፕሮግራም) ሲዲው ውስጥ ከትቼ እንደገና ልጽፍ ነው፤ ሲጠይቀኝ «ቴክስትሞድ» (ገና በመጫኑ መጀመሪያ የሚነበብ) ልበል ወይስ «ፒኤንፒ» (ኋላ ላይ የሚነበብ)?